ሁለት ላፕቶፖችን ያለ ራውተር በዋይፋይ ማገናኘት፦ 64 ጊጋባይት የሠርግ ቪዲዮ በአንድ ሌሊት

ብርሃንና ጥላ — ጥር 13፣ ምሽት 3፡20

እንደምን አመሻችሁ። ደሴ ውስጥ ከታናሽ ወንድሜ ጋር የሠርግ ፎቶና ቪዲዮ እንሠራለን። ጥር ደግሞ የታወቀ ነው፤ አንዱ ሠርግ ሳያልቅ ሌላው ይደርሳል። ወንድሜ ቀረጻውን ከካሜራው ካርድ ወደ ትንሿ ላፕቶፕ ይገለብጥና ማታ ይዞልኝ ይመጣል። እኔ በትልቁ ላፕቶፕ አቀናብራለሁ። እስካሁን በመካከላቸው የሚመላለሰው የውጭ ሃርድ ዲስክ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ከጠረጴዛ ላይ ወድቆ አልነሣ አለ።

በ32 ጊጋባይት ፍላሽ ሞከርኩ። ትናንሾቹን ፋይሎች ይቀበላል። የሥነ ሥርዓቱን ረጅም ቀረጻ ግን፣ አንዱ ፋይል ብቻውን 9 ጊጋባይት ነው፣ «ፋይሉ ለዚህ ዲስክ በጣም ትልቅ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ፍላሹ ላይ ባዶ ቦታ እያለ!

ራውተር አለን፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ግን አብሮ ይጠፋል። ሁለቱ ላፕቶፖች ባትሪ አላቸው፣ ዋይፋይ አላቸው፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በቀጥታ እርስ በርሳቸው መነጋገር አይችሉም? ትልቁ ዊንዶውስ 11፣ ትንሿ ዊንዶውስ 10 ናቸው። ትልቁ ቀጭን ስለሆነ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ የለውም። ነገ ማታ 64 ጊጋባይት ያህል ይመጣልኛል፤ የትንሿ ዲስክ 128 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ ለማግስቱ ሠርግ እስከ ንጋት መራገፍ አለባት። የሚያውቅ ይርዳኝ።

መስመር ዘርጊ — ምሽት 3፡52

እህቴ፣ መጀመሪያ የፍላሹን ልንገርሽ። ፍላሹ የተሰናዳው ፋት 32 በሚባለው የድሮ የፋይል አደረጃጀት ስለሆነ አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት ከደረሰ አይቀበለውም፤ ባዶ ቦታው ምንም ያህል ቢሆን። በኤክስፋት ፎርማት ብታደርጊው ይቀበላል። በውስጡ ያለው ስለሚጠፋ ግን አስቀድመሽ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጪ።

አዎ፣ ሁለቱ ላፕቶፖች በቀጥታ መነጋገር ይችላሉ። ይህን ሥራ ለብዙ መሥሪያ ቤቶች ስሠራ ያየሁትን ልንገርሽና ጥያቄሽን ለሁለት ክፈይው። አንደኛው፣ ሁለቱ ማሽኖች በአየር ላይ መገናኘታቸው ነው። ሁለተኛው፣ አንዱ የሌላውን ፎልደር እንዲከፍት ፈቃድ ማግኘቱ ነው። ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከለው ሁለተኛው ላይ ሆኖ ሳለ አንደኛውን ሲነካካ ያመሻል። ዋይፋዩን ያጠፋል፣ ያበራል፣ ድራይቨር ይቀይራል፤ ችግሩ ግን የይለፍ ቃል ነው።

ለአንደኛው፦ በትልቁ ላፕቶፕ ሴቲንግስ ውስጥ የኔትወርክ ክፍሉን ክፈቺና ሞባይል ሆትስፖት የሚለውን አብሪ። ስምና የይለፍ ቃል ይሰጥሻል። ትንሿን በዚያ ስም አገናኚ። በቃ፤ ትልቁ ራሱ ራውተር ሆነ ማለት ነው። የእሱ አድራሻ 192.168.137.1 ይሆናል፣ ለእንግዳዋም ከዚያው መስመር አንድ ቁጥር ይሰጣታል።

ወንዝ ማዶ — ምሽት 4፡05

ይህን ሁሉ ምን አደከማችሁ? አድሆክ ኔትወርክ መፍጠር ነው እንጂ። ኮሌጅ ሳለን በሁለት ደቂቃ ሠርተን ፊልም እንቀባበል ነበር።

ብርሃንና ጥላ — ምሽት 4፡31

መስመር ዘርጊ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያልከውን አደረግሁ፤ ግን ሆትስፖቱ አልበራም አለ። ኮምፒውተሩ የገመድም ሆነ የዋይፋይ ወይም የሞባይል ዳታ ግንኙነት ስለሌለው ማዘጋጀት አልቻልኩም የሚል መልእክት ያወጣል። አሁን መብራት የለም፣ ራውተሩም ጠፍቷል። እኔ እኮ ኢንተርኔት አልፈለግሁም!

የፊዚክስ መምህር — ጥር 14፣ ጠዋት 1፡10

ልጆቼ፣ ወንዝ ማዶ ያነሣው ነገር በጊዜው እውነት ስለነበር በአግባቡ መመለስ አለበት።

የዋይፋይ ደንብ በ1997 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሲወጣ ሁለት አሠራር ነበረው። አንዱ ሁሉም መሣሪያ በአንድ ማእከል በኩል የሚነጋገርበት ነው፤ ዛሬ ራውተር የምንለው ማለት ነው። ሌላው ማእከል የሌለበት፣ መሣሪያዎቹ እኩል ሆነው በቀጥታ የሚነጋገሩበት ነው። አድሆክ የሚባለው ይኸኛው ነው። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ትምህርት ቤታችን ውስጥ ሁለት ላፕቶፖች ብቻ ነበሩን፤ የፈተና ወረቀት ከአንዱ ወደ ሌላው የምናሻግረው በዚሁ ነበር። አድራሻውን በእጄ ነበር የምጽፈው፤ ለአንዱ 192.168.0.1፣ ለሌላው 192.168.0.2፣ ለሁለቱም የኔትወርክ ማስክ የሚባለውን 255.255.255.0። ካልጻፍኩላቸውም አድራሻ የሚያድል ሲያጡ ከ169.254 የሚጀምር ቁጥር ለራሳቸው ይመርጡ ነበር። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር ሲያይ ተበላሸ ይላል። አልተበላሸም፤ ሁለቱም ማሽኖች በ169.254 ከሆኑ በዚያው መነጋገር ይችላሉ።

ታዲያ ለምን ቀረ? ፍጥነቱ እንደ ዘመኑ ካርድ 11 ወይም 54 ሜጋቢት ላይ ይቆም ነበር፤ መቆለፊያውም በአብዛኛው ዌፕ የሚባለው ደካማ ቁልፍ ነበር። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ አድሆክ የሚፈጠርበት መስኮት ተነሣ። በዛሬዎቹ ካርዶች ብዙ ጊዜ ድራይቨሩ ራሱ አይደግፈውም። በ2010 ደግሞ ዋይፋይ ዳይሬክት ለመሣሪያዎች መመስከር ተጀመረ። በዚህኛው ከሁለቱ መሣሪያዎች አንዱ የማእከሉን ሥራ ይይዛል፣ ሌላው እንግዳ ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ «በቀጥታ» ስንል አንዱ ላፕቶፕ ሆትስፖት ይሆናል ማለታችን ነው፤ ፍጥነቱም ደኅንነቱም ከድሮው ይሻላል። ልጄ ወንዝ ማዶ፣ እህትህን ወደ አድሆክ አትመልሳት፤ ሌሊቱን ሙሉ ትፈልገዋለች።

ወንዝ ማዶ — ጠዋት 1፡44

ጋሼ፣ ልክ ነዎት። አሁን የራሴን ላፕቶፕ ከፍቼ ፈለግሁት፤ የለም። ስለ ማረምዎ አመሰግናለሁ።

ሐይቅ ዳር — ጠዋት 2፡15

ብርሃንና ጥላ፣ እኔም ፎቶ አንሺ ነኝ፣ ሐዋሳ። የዊንዶውስ ሆትስፖት የሚያጋራው ኢንተርኔት ካላገኘ አልበራም ይላል፤ የአንድሮይድ ስልክ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይልም። የስልክሽን ሞባይል ዳታ አጥፊ፣ ከዚያ ሆትስፖቱን አብሪ፣ ሁለቱንም ላፕቶፖች ከስልኩ ጋር አገናኚ። ዳታው ስለጠፋ ከጥቅልሽ አንድ ሜጋባይት አይቀነስም። ስልኩ የመገናኛ ቦታ ብቻ ነው። ዳታውን ማጥፋት እንዳትረሺ አደራ፤ እኔ አንድ ጊዜ ረስቼ ዊንዶውሱ ማሻሻያውን ሲያወርድ የወሩን ጥቅል በአንድ ምሽት ጨረሰው።

ከዚያ በሁለቱም ላፕቶፖች የዚያን ኔትወርክ ባሕርይ ከፍተሽ ፐብሊክ ከሚለው ወደ ፕራይቬት ቀይሪ። ፐብሊክ ከሆነ ፋየርዎሉ፣ የማሽኑ ዘበኛ ማለት ነው፣ በሩን ይዘጋል። ፒንግ እንኳ ብታደርጊ፣ ማለትም ከአንዱ ማሽን ሌላውን «አለህ?» ብለሽ ብትጠይቂ፣ መልስ ላይመጣ ይችላል፤ መልስ አለመምጣቱ ግን መስመሩ የለም ማለት አይደለም።

ብርሃንና ጥላ — ምሽት 1፡50

ተገናኙ! ትንሿ ላይ የሠርጉን ፎልደር በቀኝ ጠቅ አድርጌ ሼር አደረግሁት። በትልቁ ላይ የፋይል መክፈቻውን ከፍቼ የአድራሻ ቦታው ላይ ሁለት ወደ ኋላ ያጋደሉ ሰረዞችና የትንሿን አድራሻ ጻፍኩ፦ \\192.168.43.118። መልስ ሰጠኝ።

ግን ስምና የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ወንድሜ በየቀኑ ትንሿን የሚከፍትባትን ባለ 4 አኃዝ ቁጥር አስገባሁ። ስህተት ነው ይላል። ስድስት ጊዜ ደጋገምኩ። ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ ቁጥሩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ማሽኑ እምቢ ይላል።

መስመር ዘርጊ — ምሽት 2፡02

ይኸው፣ ሁለተኛው በር ላይ ደረስሽ። ያ ባለ 4 አኃዝ ቁጥር ፒን ይባላል፤ የሚሠራው በዚያው ማሽን ቁልፍ ሰሌዳ ላይ ብቻ ነው። በኔትወርክ በኩል ለሚመጣ ሰው አይከፍትም። የሚፈለገው የአካውንቱ የይለፍ ቃል ነው። ትንሿ የተከፈተችው በኢሜይል ከሆነ የኢሜይሉ አካውንት የይለፍ ቃል ነው፤ የተጠቃሚውም ስም ኢሜይሉ ራሱ ይሆናል። በማሽኑ ላይ ብቻ የተፈጠረ አካውንት ከሆነ ደግሞ የይለፍ ቃል ጭራሽ ላይኖረው ይችላል። ዊንዶውስ የይለፍ ቃል የሌለውን አካውንት በኔትወርክ አያስገባም፤ ባዶ ትተሽ ብትሞክሪም ይመልስሻል።

የምመክርሽ፦ ትንሿ ላይ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን አንድ አዲስ አካውንት ክፈቺ፣ ጠንካራ የይለፍ ቃል ስጪው፣ ፎልደሩን ለእሱ ብቻ አጋሪ። «ለሁሉም» በሚለው አታጋሪ። የሰው ሠርግ ነው፤ ሙሽሮቹ ያመኑት እናንተን ነው። አንዳንዶች የይለፍ ቃል መጠየቁን ጭራሽ አጥፊው ይሉሻል፤ ነገ ካፌ ውስጥ ኢንተርኔት ስትጠቀሚ እንደ ጠፋ ይቀራል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከፍተሽ ካየሽው የድሮ መመሪያ ኤስኤምቢ 1 የሚባለውን የድሮ የፋይል ማጋሪያ ዘዴ አብሪ የሚል ልታገኚ ትችያለሽ። አታብሪው። ከ2017 ማብቂያ ጀምሮ በአዲስ ዊንዶውስ 10 ላይ ሳይጫን የሚመጣው በምክንያት ነው፤ የዚያን ዓመት ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የተስፋፋው በዚያ ቀዳዳ ነበር። ለዊንዶውስ 10 እና 11 አያስፈልግም።

ብርሃንና ጥላ — ምሽት 2፡38

ተከፈተ!! አዲሱን አካውንት ፈጥሬ በእሱ ገባሁ። ሙሽሪት ከቤት ስትወጣ የተቀረጸው ፋይል በትልቁ ስክሪን ላይ ሲከፈት ወንድሜ ጮኸ። አሁን እየተገለበጠ ነው።

ፍጥነቱ ግን በሴኮንድ 3 ሜጋባይት ላይ ቆሟል። 64 ጊጋባይት በዚህ ፍጥነት ወደ 6 ሰዓት ይወስዳል። የስልኩም ባትሪ 40 በመቶ ነው፤ መብራት እስካሁን አልመጣም።

የፊዚክስ መምህር — ምሽት 2፡55

ልጄ፣ ምክንያቱን ልንገርሽ። ፋይሉ አሁን በአየር ላይ ሁለት ጊዜ ነው የሚሄደው፤ ከትንሿ ወደ ስልኩ፣ ከስልኩ ወደ ትልቁ። በአንድ ቻናል ላይ ደግሞ በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ ነው የሚናገረው፤ ሌሎቹ ጸጥ ብለው ይጠብቃሉ። ስለዚህ ገና ከጅምሩ ፍጥነቱ በግማሽ ተቀነሰ። በዚያ ላይ ብዙ ስልኮች ሆትስፖት ሲሆኑ በ2.4 ጊጋኸርዝ ይወጣሉ፤ ያ ሞገድ የጎረቤቱ ራውተር፣ ብሉቱዙ፣ የምግብ ማሞቂያው ማይክሮዌቭ ሁሉ የሚጋፋበት ነው።

ሌላም አደናጋሪ ነገር አለ። ዊንዶውስ «72 ሜጋቢት» ብሎ ቢያሳይሽ ሜጋባይት አይደለም። ለ8 አካፍይው፤ 9 ይሆናል። ከዚያም ውስጥ ለፋይሉ የሚተርፈው ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። 3 ማግኘትሽ እንግዲህ ጥፋት አይደለም፤ መንገዱ ነው።

መስመር ዘርጊ — ምሽት 3፡04

ጋሼ እንዳሉት ነው። ስለዚህ ስልኩን ከመካከል እናውጣው። አነስተኛ ጥቅል አለሽ? ካለሽ ስልኩን በቻርጀር ገመዱ ከትልቁ ላፕቶፕ ጋር አገናኚና በስልኩ ላይ በዩኤስቢ ኢንተርኔት ማጋራትን አብሪ፤ ዳታውንም አብሪ። አሁን ትልቁ በገመድ የመጣ ኢንተርኔት ስላለው ሞባይል ሆትስፖቱን ለማብራት እምቢ አይልም። የዋይፋይ ካርዱም ከሌላ ነገር ጋር ስላልተገናኘ ሙሉ በሙሉ ለትንሿ ነፃ ይሆናል። የሆትስፖቱን ባሕርይ ስትከፍቺ ባንድ የሚል ምርጫ አለ፤ 5 ጊጋኸርዝ አድርጊው። ትንሿም 5 ጊጋኸርዝ የምትቀበል መሆን አለባት። በትንሿ ላይ ይህን ግንኙነት ሜተርድ (በልክ የሚከፈልበት) አድርጊው፤ ማሻሻያ ማውረዱን ያቆማል። በትልቁም ላይ የስልኩን መስመር እንዲሁ አድርጊ።

ስልኩም በዚያው ከላፕቶፑ ኃይል ይጠጣል። ፎልደሩ ቀድሞውኑ ትንሿ ላይ መጋራቱ ጥሩ ሆነ። በእኔ ልምድ እንግዳዋ ብታጋራና ባለ ሆትስፖቱ ቢስብ ይሻላል፤ በእንግዳዋ ላይ ፕራይቬት ማድረግ ቀላል ነው፣ በባለ ሆትስፖቱ በኩል ግን ፋየርዎሉ አንዳንዴ ያስቸግራል። የትንሿን አዲስ አድራሻ ለማወቅ መሮጥ አያስፈልግሽም፤ እዚያው የሆትስፖቱ ገጽ ላይ የተገናኙት መሣሪያዎች ከነአድራሻቸው ተዘርዝረዋል።

ፔንግዊን ከባሕር ዳር — ምሽት 3፡20

ሊኑክስ ለሚጠቀሙ ይህን ልጨምር። ኡቡንቱ ላይ ዋይፋይ ሆትስፖትን ያለ ምንም ኢንተርኔት ማብራት ይቻላል፤ አይጠይቅም። የማሽኑ አድራሻ 10.42.0.1 ይሆናል። ከዚያ የፓይተንን ትንሽ የድረ ገጽ አገልጋይ በፎልደሩ ውስጥ ማስነሣት ነው። ሌላኛው ማሽን ዊንዶውስም ሆነ ማክ ወይም ስልክ፣ በአሳሹ 10.42.0.1:8000 ብሎ ቢጽፍ የፋይሎቹ ዝርዝር ይወጣለታል፤ የሚፈልገውን ጠቅ አድርጎ ያወርዳል። አካውንት የለ፣ ፒን የለ። ገጠር ለሥልጠና ስንሄድ ለሃያ ሰው መጽሐፍ የማድለው እንዲህ ነው። መቆለፊያ ስለሌለው ግን ለደንበኛ ፎቶ አልመክረውም፤ ሆትስፖቱን የገባ ሁሉ ያያል።

የሒሳብ ሠራተኛ — ምሽት 3፡41

ይቅርታ፣ ከርእሱ ብዙም ስለማይርቅ ልጠይቅ። ቢሮአችን ውስጥ ሁለት ኮምፒውተሮች አሉ፤ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም እንጠቀማለን። ዳታው በአንደኛው ላይ ሆኖ በእንዲህ ዓይነት የዋይፋይ ግንኙነት ከሁለተኛውም ብንሠራበት ይሆናል?

መስመር ዘርጊ — ምሽት 3፡58

ወንድሜ፣ እባክህ አታድርገው። ቪዲዮ ሲገለበጥ ዋይፋዩ ቢቋረጥ እንደገና ትገለብጠዋለህ፤ ዋናው ፋይል አልተነካም። የሒሳብ ዳታ ግን ክፍት ሆኖ እየተጻፈበት ነው። መዝገቡ ግማሽ ተጽፎ መስመሩ ቢጠፋ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል፤ ሐምሌ መጥቶ የዓመቱን ሒሳብ ስትዘጋ ነው የምታውቀው። ለዚህ ሥራ ገመድ ዘርጋ። ሁለት ኮምፒውተር ብቻ ከሆኑ አንድ ገመድ ከአንዱ ወደ ሌላው በቀጥታ ሰካ፤ የዛሬ ካርዶች የተጠላለፈ ልዩ ገመድ አይጠይቁም። በዋይፋይ ማሻገር ያለብህ መጠባበቂያ ቅጂውን ብቻ ነው።

ብርሃንና ጥላ — ምሽት 4፡17

በሴኮንድ 26 ሜጋባይት!

ባንዱን 5 ጊጋኸርዝ ሳደርገው መጀመሪያ ትንሿ የሆትስፖቱን ስም አላየችውም፤ አጥፍቼ ሳበራው መጣ። ላፕቶፖቹ መካከል አንድ ክንድ ርቀት ነው ያለው። ወንድሜ ትንሿን ይዞ ወደ ሌላኛው ክፍል ሲሄድ ወደ 11 ወረደ፤ መለስኩት። በዚህ ከሄደ ጠቅላላው ከ45 ደቂቃ አያልፍም።

ሐይቅ ዳር — ምሽት 4፡30

እሰይ! አሁን ከልቤ የምለምንሽ አንድ ነገር አለ። ተገለበጠ ብለሽ ወዲያው ከትንሿ ላይ አታጥፊ። ሠርግ አይደገምም። የሁለቱንም ፎልደሮች ባሕርይ ክፈቺና የፋይሎቹ ቁጥርና ጠቅላላ መጠን እስከ መጨረሻዋ ባይት እኩል መሆኑን እዪ። ከዚያ ረጃጅሞቹን ፋይሎች ከፍተሽ መጀመሪያቸውን፣ መካከላቸውንና መጨረሻቸውን ተመልከቺ። ከአራት ዓመት በፊት ይህን ሳላደርግ አጥፍቼ የአንዲት እናት ምርቃት የተቀረጸበት ፋይል መካከሉ ላይ ተበላሽቶ አገኘሁት። እናትየዋ በዚያው ዓመት አረፉ። ልጃቸው ያንን ቪዲዮ ደጋግማ ጠይቃኛለች፤ የምሰጣት የለኝም።

ብርሃንና ጥላ — ጥር 15፣ ጠዋት 12፡40

እህቴ ሐይቅ ዳር፣ ያልሽውን ቃል በቃል አደረግሁ፤ ያደረግሁትም በምክንያት ሆነ። ሌሊት 38 ጊጋባይት ላይ ሲደርስ ትንሿ እንቅልፍ ያዛት፤ በባትሪ ስለምትሠራ ስክሪኗ ጠፋ፣ ግልበጣውም ቆመ። ቀሰቀስኳትና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ዛሬ ጠዋት ሳነጻጽር ቁጥሩ 412 ፋይል በሁለቱም፣ መጠኑም እኩል። ረጃጅሞቹንም ከፍቼ አየኋቸው፤ ሁሉም ደኅና ናቸው። ወንድሜ ትንሿን አራግፎ አሁን ወደ ኮምቦልቻ ሠርግ ሄደ።

የፎልደሩን ማጋራት አንሥቻለሁ። አካውንቱን ለዛሬ ማታ ትቼዋለሁ።

መስመር ዘርጊ — ጠዋት 1፡05

በርቱ። ለዛሬ ማታ ሁለት ነገር ያዢ። በሁለቱም ላፕቶፖች በኃይል አጠቃቀሙ ክፍል ውስጥ፣ በባትሪ ላይ እያሉም ቢሆን፣ የእንቅልፉን ሰዓት «በጭራሽ» አድርጊው፤ ክዳናቸውንም አትዝጊ። ሁለተኛ፣ ግልበጣ ከተቋረጠ ከመጀመሪያው አትጀምሪ። ዊንዶውስ ውስጥ ሮቦኮፒ የሚባል ትእዛዝ አለ፤ የደረሱትን ፋይሎች አልፎ ያልደረሱትን ብቻ ያመጣል። ማታ ፎልደሮችሽ የት የት እንዳሉ ጻፊልኝ፣ ትእዛዙን በልክሽ አዘጋጅቼ እልክልሻለሁ።